እባጭ የመሰለው እምቡጥ

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። አካፋም ያው ነው። ወይዘሮ አሰጋሽ ግን አካፋውን ከማንም አልተዋሱም፤ የራሳቸው ነው። በዚያ የግንቦት ሰኞ ጠዋት፣ ስቶክሆልም ዳር ቬሊንግቢ ካለው ቤታቸው ጓሮ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ አካፋውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው አንድ ቀጭን የኮርኔል ዛፍ ፊት ቆመው ነበር።

«ይነቀል» አሉ፣ ልጃቸው ሰሎሜ በወጥ ቤቱ በር ብቅ ስትል። «እስከ ቅዳሜ ታግሻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አንቺ ካልነቀልሽው እኔ እነቅለዋለሁ።»

ሰሎሜ ለሥራ ለባብሳ ቦርሳዋን አንጠልጥላለች። እናቷ ስለ ዛፍ ብቻ እንዳልተናገሩ አላጣችውም። ዛፉን የተከለው ዕንባቆም ነው። ዕንባቆም ደግሞ በጥቅምት ሽማግሌ ልኮባት፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የጠፋ ሰው ነው። ወይዘሮ አሰጋሽ በየጠዋቱ ሻይ ሲያፈሉ በመስኮቱ የሚያዩት ያንን ዛፍ ነው። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ደግሞ ሴቶቹ ከንፈራቸውን እየመጠጡ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ ወይ ይሏቸዋል። ሰባት ወር ሙሉ ይህን ተሸክመው ከረሙ።

እናትየው ያላወቁትን ግን ሰሎሜ ታውቃለች። ባለፈው ቅዳሜ ከከተማው ማዶ አልቢ ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልትገዛ ገብታ፣ ባለሱቁ ዕንባቆም ብራዚል ሊሄድ መሆኑን እንደ ተራ ወሬ አጫወታት። ሶደርተልየ የሚሠራበት የጭነት መኪና ፋብሪካ እዚያ ላለው ቅርንጫፉ መሐንዲስ ይፈልጋል። ለሦስት ዓመት ነው። መልሱን የሚጠብቁት ደግሞ በመጪው ሰኞ ነው። ሰሎሜ በርበሬውን ሳትገዛ ወጣች። ረሳሁት፣ ወጣልኝ ስትል ነበር የከረመችው። ትወደዋለች። ከዚህ ወዲያ ራሷን ልታታልል አልቻለችም።

«እማዬ፣ ኮርኔል እኮ ቶሎ አያብብም» አለች። «መጀመሪያ ሥሩን መዘርጋት አለበት።»

«ቃል የሌለው ሰው የተከለው ዛፍ ምን አበባ ይወጣዋል?»

ሰሎሜ መልስ ፍለጋ ወደ ዛፉ ጠጋ አለች። ያን ጊዜ ነው ያየችው። ከራሷ በላይ ባሉት ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ ግራጫ ድቡልቡል ነገሮች አሉ፤ አናታቸው ሰንጠቅ ብሎ ውስጡ ነጣ ማለት ጀምሯል። እጅ በሚደርስበት በታችኞቹ ቅርንጫፎች ላይ ግን ምንም የለም። ጫፋቸው እኩል ተቆርጧል።

ማን እንደቆረጣቸው ጠየቀች።

«እኔ ነኛ» አሉ እናቷ። «ብርዱን ሙሉ በየጫፉ እባጭ አውጥቶ አየሁት። በሽታው ወደ ጽጌረዳዬ እንዳይዛመት የደረስኩበትን በመቀስ ቆረጥኩት።»

ሰሎሜ መሳቅም ማልቀስም አማራት። ኮርኔል አበባውን የሚያዘጋጀው በጸደይ ሳይሆን ቀድሞ በመከር ነው። በትንሽ እምቡጥ ሸፍኖ፣ በረዶውን ሁሉ ተሸክሞ ይከርማል። ለማያውቅ ሰው የደረቀ ወይም የታመመ ይመስላል። ይህ ዛፍ የዘንድሮ አበባውን የሰነቀው ሽማግሌዎቹ በመጡበት በዚያው ሰሞን ነበር።

«እማዬ፣ እባጭ አይደለም። አበባው ነው።»

ወይዘሮ አሰጋሽ ወደ ላይ አዩ፤ ከዚያ አካፋቸውን አዩ። ቅዳሜ ብያለሁ፣ አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

*

ሰሎሜና ዕንባቆም የተገናኙት በሞተ ዛፍ ምክንያት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት በጸደይ፣ ሰሎሜ በምትሠራበት የተክል መሸጫ አንድ ረጅም ሰው የደረቀ ችግኝ እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ ገባ። ዋስትና አለው ብላችሁ ሸጣችሁልኝ ሲል በስዊድንኛ ጀመረ፤ ደረቷ ላይ ስሟን ሲያነብ ወደ አማርኛ ዞረ። አማርኛው ደግሞ የዋዛ አልነበረም፤ የድሮ ሬዲዮ የሚናገር ይመስላል። ጉድጓዱን ምን ያህል እንደቆፈረው ጠየቀችው። እስከ ጉልበቱ መሆኑን ሲነግራት በሳቅ ፈነዳች።

«እንዳይወድቅ ብዬ ነው» አለ። «ለአክስቴ መታሰቢያ ነው የተከልኩት። ያሳደገችኝ እሷ ናት።»

ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። አክስቱ እትዬ ሸዋሉል በአራት ዓመቱ ወደ ስዊድን ያመጡት፣ አልቢ ውስጥ ብቻቸውን ያሳደጉት፣ በዚያው ዓመት ያረፉ ሴት ናቸው። እሱም ከመስኮታቸው ሥር ይህን ዛፍ ቀበረው። መቼም ከመቀበር ሌላ ስም አይገኝለትም።

ሰሎሜም ቀስ ብላ አስረዳችው። ኮርኔል የጫካ ዳር ዛፍ ነው፤ የትልልቆቹን ጥላ ይወዳል፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ከመታው ቅጠሉ ይቃጠላል። ሥሩ ከአፈሩ ወለል ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ ጉድጓዱ ይስፋ እንጂ አይጥለቅ። ዙሪያውን የጥድ ቅጠል ወይም ቅርፊት ይልበስ፣ ግንዱ ግን ይተንፍስ። ዕንባቆም ይህን ሁሉ ሲሰማ የሚያየው እጆቿን ነበር። በሳምንቱ መጥቶ የነገረችውን መልሶ ጠየቃት። በሌላው ሳምንት ሲመጣ የሚጠይቀውም ጠፋው። እሷን ሊያይ ብቻ እንደመጣ ሁለቱም አወቁ።

አልቢ ያለው መሬት ፀሐይ በዝቶበት ለኮርኔል አልሆነም። ስለዚህ ሁለተኛው ችግኝ ወይዘሮ አሰጋሽ ጓሮ፣ ከትልቁ ጥድ ጥላ ዳር ተተከለ። የት እንደሚቆፍር ፈቃድ ሲጠይቃቸው ልባቸውን ያገኘው ያኔ ነው። በዚህ አገር ባዕድ ሰው አፈራቸውን በአክብሮት ሲነካላቸው የመጀመሪያቸው ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪያቸው የሶደርተልየው አቶ ንጋቱ፣ የሟቿ አክስት የቅርብ ወዳጅ ናቸው። በሟች አባቷ ቦታ የተቀመጡት አጎቷ ጋሼ አዲሱ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ ልጃችን ገና ናት፣ ዘመድም አልመከረበትም፣ ደግሞ ይታያል ሲሉ መለሱ። ሰሎሜ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ሆና ሳቋን በፎጣ አፈነች። ገና ናት የተባለችው ልጅ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ቢሆንም ወጉ ወግ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤት ልጁን እንዳቀለለ ይቆጠራል፤ ሽማግሌም ይህን አውቆ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ሁለትም ሦስትም ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

አልተመለሱም። በምትካቸው አንድ መልእክት በስልኳ መጣ፦ «የቤተሰብሽን መልስ ሰምቻለሁ። አከብራለሁ። ደህና ሁኚ።»

ሰሎሜ ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ቆማ አነበበችው። መሸሻ ሲፈልግ ቆይቶ ያገኘ መሰላት። ይህን ወግ የማያውቅ ሐበሻ ይኖራል ብላ በሕልሟም አላሰበችም፤ ያውም እንዲያ አማርኛ የሚያውቅ። ኮራች፤ አልመለሰችለትም። ብርዱም በኩርፊያ አለፈ።

*

ዓርብ ከሰዓት የበሩ ደወል ጮኸ። በሩ ላይ የቆሙት አቶ ንጋቱ ነበሩ። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ፊታቸው በፀሐይ ጠይሟል፣ ሁለት እጃቸውን አጣምረው ፈገግ ብለዋል።

«ለሁለተኛው መጥተናል» አሉ። «ሁለቱ ባልደረቦቼ ቀኑን ስትቆርጡ ይመጣሉ።»

ለካ አቶ ንጋቱ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የስቶክሆልምን ብርድ ፊት ለፊት አይገጥሙትም። ጥቅምት ሲያልቅ አዲስ አበባ ይወርዳሉ፤ ግንቦት ሲገባ ይመለሳሉ። ዘንድሮም እንደዚያው አደረጉ። ነገሩ በጾምና በብርድ የማይቸኮልበት ስለመሰላቸው ሐሳብ አልገባቸውም።

«እንግዳ በሬ ላይ አላቆምም፤ ይግቡ፣ ሻይ ይጠጡ» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ። «ስለ ጋብቻው ግን ረፍዷል። ልጁ ራሱ ደህና ሁኚ ብሎ ጽፎላታል።»

አቶ ንጋቱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ የነገርኩት ያላችሁትን ነው። ልጃችን ገና ናት ብለዋል፣ ስመለስ እናያለን አልኩት። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?»

ያን ጊዜ ነገሩ ለሰሎሜ ገባት። የአራት ዓመት ልጅ ሆኖ የመጣ፣ ወላጅ ያላወቀ፣ አንዲት አክስቱ የሞቱበት ሰው፤ እና ሽማግሌው «እናያለን» ሲሉት የሚሰማው ነገር። ማባበያ እንጂ ሌላ ምን ሊመስለው ይችላል? ይኸው ለአቶ ንጋቱም ቆይቶ ገባቸው።

«ለካ ልጁ የእኛን ነገር አያውቅም» አሉ ዝግ ብለው። «ከመጣሁ ጀምሮ እደውላለሁ፤ አያነሳም።»

ሰሎሜ ጃኬቷን አነሳች። እናቷ ሴት ልጅ ወንድ ፍለጋ አትሯሯጥም ብለው ከኋላ ጠሯት። ሰማች፤ ግን አልቆመችም።

*

ከቬሊንግቢ አልቢ ድረስ ከተማውን ማቋረጥ ነው። ሰሎሜ ባቡር ስትቀይር፣ ደረጃ ስትወጣ፣ የምትለውን ስታዘጋጅ ሄዳ፣ ዕንባቆም በሩን ሲከፍት ሁሉም ጠፋባት። ከስቷል። ከኋላው ካርቶኖች ተደርድረዋል። ግቢ አላላትም፤ ጃኬቱን ደርቦ ወጣና የመጀመሪያው ዛፍ የሞተበት ባዶ መሬት አጠገብ ቆሙ።

«አቶ ንጋቱ እኛ ቤት መጡ» አለችው። «ለሁለተኛ ጊዜ።»

«ለምን? መልሱን ሰምተናል።»

«ለምን አንድ ቃል አልጠየቅከኝም?»

«ምን ብዬ ልጠይቅሽ?» አለ። «ቤተሰብሽ አይሆንም ካሉ በኋላ ብለማመጥሽ ከእናትሽና ከእኔ ምረጪ ማለት ነው። እዚህ አገር ልጅ ሆነን ያስተማሩን ነገር አለ። ኔይ፣ አይሆንም ከተባልክ፣ ኔይ ነው። በር አትደበድብም፤ ትሄዳለህ።»

«እምቢ አላሉህም። የመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም። ወጉ ነው። እማዬ ለሁለተኛው ቀን የአባቴን ወንበር ጨርቅ አስለውጣ ነበር፣ ሽማግሌው እንዲቀመጡበት።»

ዕንባቆም አያት። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው ፊቱ ላይ ታየ፤ አለመደሰቱ ግን አስፈራት። ዞሮ የአክስቱን መስኮት ተመለከተ።

«እሷ ብትኖር ትነግረኝ ነበር» አለ።

«እኔ ነበርኩ መንገር ያለብኝ» አለች። «አማርኛህ አታለለኝ፣ ሁሉን የምታውቅ መሰለኝ። መልእክትህን ሳነብ ደግሞ መሸሻ የፈለግክ መሰለኝና ኮራሁ። መጥቼ ልጠይቅህ ይገባ ነበር።»

«በየቀኑ ስልኬን አይ ነበር።»

«እኔም።»

ከላይ በረንዳ ላይ አንድ ሰው ምንጣፍ ያራግፋል። ሁለቱም ወደዚያ አዩ፤ ከዚያ ሁለቱም መሬት መሬቱን አዩ። በመሃላቸው ያለው ርቀት አንድ እርምጃ ነው፤ አንዳቸውም አልተራመዱትም።

«ሰኞ እሺ ልላቸው ነበር» አለ በመጨረሻ። «አሁን መጥቼ እናትሽ ከልባቸው እምቢ ቢሉኝስ? ሁለተኛውን የምችለው አይመስለኝም፣ ሰሎሜ።»

አይሉህም ልትለው ፈለገች። አልቻለችም፤ እናቷ ረፍዷል ሲሉ ሰምታቸዋለች። ባላረጋገጠችው ነገር ልታጽናናው አልወደደችም።

«ቃል አልገባልህም» አለችው። «ዛፉ ግን ነገ ጠዋት ይነቀላል። እማዬ ምላለች።»

ይህን ብላ ወደ ባቡሩ ሄደች፤ አልተከተላትም።

*

ቤት ስትደርስ ሰማዩ ገና ብርሃን ነበረው። የግንቦት ምሽት በስቶክሆልም ለመጨለም አይቸኩልም። ወይዘሮ አሰጋሽ ጓሮ ናቸው፤ ከዛፉ ሥር መሰላል አቁመው የሟች ባላቸውን ጋቢ ትከሻቸው ላይ ጥለዋል።

«ሬዲዮው ዛሬ ሌሊት የብረት ሌሊት ነው አለ» አሉ፣ ዞር ሳይሉ። ስዊድኖች ጸደዩ ከገባ በኋላ ድንገት ተመልሶ አበባ የሚያቃጥለውን ውርጭ እንዲህ ይሉታል። «ያንን እባጭ ብርድ ይጎዳዋል?»

«ይገድለዋል።»

«በይ ያዢልኝ።»

ሰሎሜ መሰላሉን ያዘች። እናቷ ወጥተው ጋቢውን በቅርንጫፎቹ ላይ እንደ ሕፃን ልጅ አለበሱት፤ ጫፉን በልብስ መቆንጠጫ አያያዙት። ሲወርዱ ልጃቸውን ተደገፉ።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ አበባውን እባጭ ነው ብዬ ቆረጥኩ» አሉ። «ያ ልጅ አዲሱ ለወጉ ያለውን እምቢታ ነው ብሎ ቢሄድ ምን ይገርማል? ይመጣል?»

«አላውቅም፣ እማዬ።»

«አለማወቁን ይቅር እለዋለሁ። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ክፉ ቃል ሰምቶ የሄደ ሰው፣ ትዳር ውስጥም ክፉ ቃል ሲሰማ ይሄዳል። ያን ጊዜ አንቺን የሚሸፍን ጋቢ የለኝም።»

ሰሎሜም የምትፈራው ያንኑ ነበር።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ሰሎሜ ጋቢውን ገና አልገለጠችውም፤ ፀሐይ ዛፉ ዘንድ እስክትደርስ ትጠብቃለች። ወይዘሮ አሰጋሽ አካፋቸውን ይዘው ወጥተዋል። ለምን እንደያዙት አልተናገሩም፤ እሷም አልጠየቀችም።

የአጥሩ በር ሲጥጥ አለ።

ዕንባቆም ብቻውን ነው። ሽማግሌ የለ፣ ኮት የለ፤ ያኔ ዛፉን ሲተክል የለበሰውን ጃኬት ለብሷል። እትዬ አሰጋሽ፣ እንደምን አደሩ ብሎ ጎንበስ አለ። ሰሎሜን አያት፤ ሰላም ለማለት ግን ድፍረት ያጣ መሰለ።

«ሰው መላክ እንደሚገባኝ አቶ ንጋቱ ነግረውኛል» አለ። «ባለፈው ግን በሰው አፍ ሰምቼ ተሳሳትኩ። ዛሬ በራሴ ጆሮ ልስማ ብዬ መጣሁ። ልጅዎን እንዲሰጡኝ እለምናለሁ።»

ወይዘሮ አሰጋሽ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። ሰሎሜ የእናቷን ፊት ለማንበብ ሞከረች፤ የተዘጋ በር ነበር። አካፋውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ልጃችን ገና ናት» አሉ። «ዘመድም አልመከረበትም።»

ሰሎሜ ከዕንባቆም ፊት ላይ ደሙ ሲሸሽ አየች። እጁ ወደ አጥሩ በር ተዘረጋ፤ እንጨቱን ጨበጠ። እናቷ እየፈተኑት ነው ወይስ የልባቸው ነው፣ እሷም አላወቀችም። ቆይ ልትለው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ይህን የሚመልሰው እሱ ብቻ ነው።

ዕንባቆም ገርበብ ያለውን በር ከውስጥ ገፍቶ ዘጋው። ከዚያ ተመልሶ፣ በውርጩ እርጥብ በሆነው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

«እንግዲያው ይህ ሁለተኛው ይሁንልኝ፣ እትዬ» አለ። «ሦስተኛውን እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ቀኑ ቢረዝምም አልሄድም።»

«ብራዚልስ?» አሉ እናትየው። ለካ ማታውኑ ከአቶ ንጋቱ ሰምተው ኖሯል።

«ሰኞ እምቢ እላቸዋለሁ። እነሱ እምቢ ሲባሉ ይገባቸዋል።»

ወይዘሮ አሰጋሽ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ሳቁ ግን በዓይናቸው አመለጠ። ሰሎሜ ፊቷን ወደ ዛፉ አዞረች፤ እያለቀሰች ነበርና። ፀሐይዋ ደርሳለች። መቆንጠጫዎቹን አንድ በአንድ አወጣችና ጋቢውን ሳበችው። ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ፣ መቀስ ያልደረሰበት ቦታ፣ አራት አበቦች ነጭ ቅጠላቸውን ከፍተዋል። ውርጭ አልነካቸውም።

ሦስቱም ቀና ብለው አዩዋቸው። ዕንባቆም ሳያስበው ከአግዳሚው ተነስቶ መጥቶ ነበርና፣ እጁ የሰሎሜን እጅ አገኘ።

«የቆረጥኳቸውስ?» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ።

«ከርሞ ይወጣሉ» አለች ሰሎሜ።

እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አካፋውን ለዕንባቆም ዘረጉለት።

«በል ይህን ወደ ቦታው መልስልኝ» አሉት። «ስትመለስ እጅህን ታጥበህ ግባ። ለአዲሱ ልደውልለት፤ ለሦስተኛው ቀን የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገናል።»